ለዶክትሬት ተማሪ አንድ አማካሪ አይበቃም

በሥነ ልቦና ዶክትሬት የሚማር ሰው ኮርሱንና ጊዜውን ከሚመራለት አማካሪ ሌላ፣ ጥያቄውን የሚሞግት፣ መረጃውን አብሮት የሚያነብ የምርምር አጋዥ ያስፈልገዋል። ምክንያቱን የራሳችን ሀገር ጥናቶች ያሳያሉ። በአማርኛ የቀረበው የኤዲንብራ የድኅረ ወሊድ ድብርት መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው የቡታጅራ ገጠር ጥናት ደካማ ሆኖ ተገኘ፤ የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ በለጠው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የአዲስ አበባ ጥናት ግን ያንኑ የኤዲንብራ መጠይቅ ለሥራ ብቁ ሆኖ አገኘው። ቋንቋው አንድ ሆኖ ሳለ ኑሮው ውጤቱን የለወጠው ይመስላል። እንግዲህ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ እናቶችን በሲዳምኛ ሊያነጋግር የተነሣን ተማሪ ስታቲስቲክስ ብቻ የሚያውቅ አማካሪ የት ያደርሰዋል? ቋንቋውንና ኑሮውን የሚያውቅ ሰው መጠይቁ ሳይመረጥ በፊት አጠገቡ መገኘት አለበት።

ሁለት አማካሪ ተማሪውን ያወዛግባል የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸው እውነት ነው። ስለዚህ ማን በምን ጉዳይ እንደሚወስን ገና ሲጀመር በጽሑፍ ይቀመጥ። መምህር በጠፋበት ሁለተኛ ከየት ይመጣል ለሚሉ ደግሞ፣ ሁለተኛው ሰው የግድ ፕሮፌሰር መሆን የለበትም። ከእናቶች ጋር የኖረች የጤና ባለሙያ ወይም የቋንቋ ትምህርት ክፍል ባልደረባ ትችላለች፤ ድካሟ ግን እንደ መደበኛ ሥራ ተቆጥሮ ሊከፈላት ይገባል።