በሊኑክስ ለሚወርድ ፋይል ቅድሚያ መስጠት ይቻላልን?

ሁለት ፋይሎች አብረን ስናወርድ አስቸኳዩ ቢንቀራፈፍብን ቅድሚያ ልንሰጠው እንሻለን። ነገር ግን ፓኬቶቹ እኛ ዘንድ የሚደርሱት ጠባቡን መስመር ካለፉ በኋላ ነው፤ ወረፋው ያለው ከአገልግሎት ሰጪው ዘንድ ስለሆነ ተራውን መለወጥ አንችልም። ላኪውን ማዘግየት ግን እንችላለን። ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ስልት መሠረት የቲሲፒ ላኪ ፓኬት መጥፋቱን ሲረዳ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ስለዚህ ገቢውን «አይኤፍቢ» ወደተባለው ምናባዊ የኔትወርክ ካርድ አዙረን፣ «ቲሲ» በተሰኘው ትእዛዝ ጣሪያውን ከመስመሩ ፍጥነት ጥቂት ዝቅ እናደርጋለን፤ ለ4 ሜጋቢት መስመር 3.6 ያህል። ያን ጊዜ ወረፋው ወደ እኛ ይዛወራል። ከዚያም አስቸኳዩን ፋይል በሰርቨሩ አድራሻ ለይተን 3 ሜጋቢት፣ ለቀሪው 0.6 እንመድባለን። የቀረችው 0.4 ብክነት ትመስላለች፤ በእኛ ግምት ርካሽ ዋጋ ናት። በዩዲፒ የሚልክ ፕሮግራም ግን ፓኬቱ ቢጣልበትም ላይዘገይ ይችላል።