የመጋዘንና የሱቅ ሙቀት ስለሚቀንስበት ዘዴ

በድሬዳዋ ከተማ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ ከውጭው ይብሳል። በዚህ ጊዜ ጆንያ የሚሸከመው ሠራተኛ ቶሎ ይዝላል፤ መዝገብ የሚይዘውም ሒሳቡን ይሳሳታል። ባለንብረቱ ወዲያው ማራገቢያ ለመግዛት ያስባል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ሙቀቱ በየት በኩል እንደሚገባ ማወቅ ይበጃል።

የሙቀቱ ዋና መግቢያ ጣራው ነው። በቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትሆን ከግድግዳው ይልቅ ጣራውን አብዝታ ትመታለች። ቆርቆሮም ስስ በመሆኑ ፈጥኖ ይግላል፤ ትኩሳቱንም ከሥሩ ላሉት ሰዎች ያወርደዋል። የዛገና የጠቆረ ጣራ የፀሐይን ኃይል ሲውጥ፣ ለቆርቆሮ የሚስማማ ነጭ ቀለም የተቀባው ግን አብዛኛውን ይመልሳል። ከጣራው ሥር ኮርኒስ ቢሠራ ትኩሳቱ በቀጥታ ወደ ሰው እንዳይወርድ ይከላከላል፤ በመካከሉ የሚጠራቀመው ሙቅ አየር እንዲወጣም ከግድግዳው ጫፍ ቀዳዳ ሊተውለት ያስፈልጋል።

ከጣራው ቀጥሎ የሚታሰበው ነፋስ ነው። ትይዩ የሆኑ መስኮቶች ሌሊትና ማለዳ ተከፍተው ቢያድሩ ቤቱ ይበርዳል፤ ሌባ የሚያሰጋ ከሆነ የብረት ፍርግርግ ይበጅላቸዋል። የውጭው አየር ከውስጡ ይበልጥ ሲሞቅ ግን መዝጋት ይሻላል። ማራገቢያ ላብን እያደረቀ ሰውነትን ያቀዘቅዛል እንጂ አየሩን አያቀዘቅዝም። የቤቱ ሙቀት 40 ዲግሪ ካለፈም የሚነፍሰው ትኩስ አየር ሰውነትን ይበልጥ ያሞቀዋል።

ቤቱ ቢሻሻልም የሥራውን ሰዓት ማደላደል አይቀርም። በቀትር ሱቅ ዘግቶ ማረፍ የድሬዳዋ ነጋዴዎች የቆየ ልማድ ነው፤ ጭነት የሚያራግፉትም ሥራቸውን በማለዳ ቢጨርሱ ከዚሁ ጥቅም ይካፈላሉ። በሙቀት ውስጥ የሚደክም ሰው ውሃ እስኪጠማው ሳይጠብቅ በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ያህል ሊጠጣ ይገባዋል። ንግግሩ የተዛባበት ወይም ራሱን የሳተ ሠራተኛ ቢኖር ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ጥላ ወስዶ ሰውነቱን በውሃ ማቀዝቀዝና ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል፤ መዘግየት ለሞት ያደርሳልና።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያዛል። ስለዚህ ለጣራ ቀለምና ለኮርኒስ የሚወጣው ገንዘብ ለቤት ጌጥ እንደዋለ ሳይሆን፣ ለንብረት ጠባቂ እንደሚከፈል ደመወዝ ከአስፈላጊው የንግድ ወጪ ጋር ሊቆጠር ይገባዋል።