«አልታከምም» ሲል፦ በድንገተኛ ክፍል ያለፈቃድ የአእምሮ ሆስፒታል የመተኛት ምክንያቶች

አንድ ሰው እግሩ ተሰብሮ ወደ ድንገተኛ ክፍል ቢመጣና «ሕክምናውን አልፈልግም» ቢል፣ ሐኪሙ ከማስረዳትና ከመምከር ያለፈ ሥልጣን የለውም። በሽተኛው ፈርሞ ይሄዳል። ይኸው ሰው ግን ለቀናት እንቅልፍ አጥቶ፣ ምግቤ ተመርዟል ብሎ መብላት አቁሞ፣ በቤተሰቡ ተይዞ ቢመጣና ያንኑ ቃል ቢናገር ሐኪሙ እንደ መጀመሪያው በቀላሉ ሊያሰናብተው አይችልም። ቢለቀው ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል፤ ቢያስቀረው ደግሞ ምንም ወንጀል ያልሠራን ሰው ነፃነት መንፈጉ ነው። በዚህ ጽሑፋችን ይህ ከባድ ውሳኔ በምን ላይ እንደሚመሠረት፣ ጥናቶች ምን እንደሚያሳዩና በአገራችን ጉዳዩ ምን መልክ እንዳለው ለማየት እንሞክራለን።

ሐኪሙ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ በእርግጥ የአእምሮ ሕመም ነውን?» የሚል ነው። በደም ውስጥ የስኳር መጠን ማነስ፣ የማጅራት ገትር፣ ወደ አንጎል የዘለቀ ወባ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ እንዲሁም ለረጅም ጊዜ የተለመደን አልኮል በድንገት ማቆም ሰውን ሊያስቀባዥርና ሊያስቆጣ ይችላል። ይህ ሁኔታ ዴሊሪየም ይባላል። በሽተኛው ቀኑንና ያለበትን ቦታ ይስታል፤ ንቃተ ሕሊናው በሰዓታት ውስጥ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ብዙ ጊዜም የሌለ ነገር በዓይኑ ይታየዋል። እንዲህ ያለው ሰው በቅድሚያ የሚያስፈልገው የአካል ሕክምና ስለሆነ፣ ሙቀቱንና የስኳር መጠኑን ሳይለኩ ወደ አእምሮ ሆስፒታል መላክ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ በሽተኛው ሁኔታውን የመረዳት ችሎታውን ይመለከታል። ሕክምናን አለመፈለግ በራሱ የሕመም ምልክት አይደለም። የሚቀርብለትን ሕክምና ጥቅምና ጉዳት ተረድቶ፣ አመዛዝኖ «አይሆንም» የሚል ሰው ውሳኔው ሊከበርለት ይገባል። ይሁን እንጂ እንደ ስኪዞፍሬኒያና እንደ ከፍተኛ ማኒያ ባሉ ሕመሞች ብዙ በሽተኞች መታመማቸውን አይገነዘቡም። ይህ እልኸኝነት ሳይሆን ከሕመሙ ባሕርይ የሚመነጭ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ የአደጋ ጥያቄ ነው። ስለ አደጋ ሲነሣ የብዙዎቻችን አሳብ በሽተኛው በሌሎች ላይ ሊያደርስ ወደሚችለው ጉዳት ይሄዳል። የአእምሮ ሕሙማን አብዛኞቹ ግን ማንንም አይጎዱም፤ እንዲያውም በሌሎች ሲጠቁ ይገኛሉ። ሐኪሙ ከዚህ ይልቅ አዘውትሮ የሚያሰጋው በሽተኛው ራሱን እንዳያጠፋ፣ ምግብና ውኃ ትቶ እንዳይጎዳ፣ ወይም አውራ ጎዳና ላይ ሲባዝን መኪና እንዳይገጨው ነው።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

ውሳኔው በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ብቻ ቢወሰን ኖሮ ያለፈቃድ የሚተኙት ሰዎች በሕመማቸው ጽናት ብቻ ከሌሎች በተለዩ ነበር። እውነታው ግን ከዚህ ሰፋ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና ከ22 አገሮች የተገኙ 77 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንታኔ፣ በፈቃዳቸው ከተኙት ይልቅ ያለፈቃዳቸው በተኙት ዘንድ በብዛት የሚታዩ ሁኔታዎችን ለይቷል። ከእነዚህም ጠንከር ብለው የተገኙት ቀደም ሲል ያለፈቃድ ተኝቶ ማወቅና እንደ ስኪዞፍሬኒያ ያለ የሳይኮሲስ ሕመም ናቸው። ወንድ መሆን፣ ያለ ትዳር መኖር፣ ሥራ ማጣትና በመንግሥት ድጎማ መተዳደርም ከዝርዝሩ ውስጥ ይገኛሉ።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው አንዱ የሌላው መንስኤ ነው ለማለት አያበቃም። ሥራ ማጣት ማንንም በግድ አያስተኛም። ነገር ግን ብቻውን የሚኖርን ሰው እናስብ። እንቅልፍ ማጣቱን፣ ብቻውን ማውራቱን፣ መድኃኒቱን ማቋረጡን የሚያስተውል ሰው በአጠገቡ የለም። ሕመሙ ከጸና በኋላ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል። በፖሊስ ታጅቦ፣ ፈርቶና ተቆጥቶ ድንገተኛ ክፍል ይደርሳል። ሌላው ግን ሕመሙ ሲጀምር እኅቱ አግባብታ ታመጣዋለች፤ ቤት ሆኖ መድኃኒቱን ሲወስድ የሚጠብቀው ሰው ስላለም ሐኪሙ በቀጠሮ ሊያሰናብተው ይደፍራል። ሕመማቸው አንድ ሆኖ ሳለ ውሳኔው የተለያየው በአመጣጣቸውና በሚመለሱበት ቤት የተነሣ ነው።

ቀድሞ ያለፈቃድ መተኛትም እንዲሁ በሁለት መንገድ ሊታይ ይችላል። በአንድ በኩል ሕመሙ ጽኑና ተመላላሽ መሆኑን ያመለክታል። በሌላ በኩል ግን በግድ የተያዘ ሰው ሆስፒታልን ስለሚፈራ፣ በቀጣዩ ጊዜ እስኪብስበት ድረስ ይሸሻል፤ ይህም እንደገና በግድ ወደ መያዝ ያደርሰዋል።

የማኅበራዊ ሁኔታ ተጽዕኖ በስደተኞች ላይ ጎልቶ ይታያል። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ትንታኔ እንዳሳየው ጥቁር ካሪቢያውያንና ጥቁር አፍሪካውያን ከነጮች ጋር ሲነጻጸሩ ያለፈቃድ የመተኛት ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ነው፤ ከተጠቃለሉት ጥናቶች አብዛኞቹም የእንግሊዝ ነበሩ። ጥናቶቹ ለዚህ ልዩነት ልዩ ልዩ ምክንያቶችን ቢያቀርቡም፣ ብዙዎቹ ማብራሪያዎች በማስረጃ ያልተደገፉ መሆናቸውን ትንታኔው ራሱ አመልክቷል። በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ከሩቅ የሚሰማ ወሬ አይደለም።

አገር ከአገር

አገሮችን ስናነጻጽር ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ2015 በተነጻጸሩት አገሮች ውስጥ ከ100,000 ሰዎች በኦስትሪያ 282፣ በጣልያን ግን 14.5 ያህል ያለፈቃድ መተኛት ተመዝግቧል። የአእምሮ ሕመም በጎረቤታሞች መካከል ሃያ እጥፍ ሊለያይ አይችልም። ንጽጽሩ የሆስፒታል አልጋ በበዛበት አገር ያለፈቃድ መተኛትም ከፍ እንደሚል ጠቁሟል፤ የአመዘጋገብ ልዩነትም የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል።

ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችው ሕግ የአእምሮ ሆስፒታሎቿን ወደ መዝጋት አምርታለች። በዚሁ ሕግ መሠረት አንድ ሰው ያለፈቃዱ የሚተኛው አስቸኳይ ሕክምና ሲያስፈልገው፣ ሕክምናውን ሳይቀበል ሲቀርና ከሆስፒታል ውጭ ሊረዳ የሚችልበት መንገድ ሲታጣ ነው። የሁለት ሐኪሞች አስተያየት፣ የከንቲባ ትእዛዝና የዳኛ ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ትእዛዙ ካልታደሰም በ7 ቀን ያበቃል። በእንግሊዝ ደግሞ ለምርመራ የሚደረገው ማቆያ እስከ 28 ቀን ሊደርስ ይችላል። ሥርዓቱ ቢለያይም ሁለቱም አገሮች ውሳኔውን ለአንድ ሐኪም ብቻ አልተዉም፤ የጊዜ ገደብም አበጅተውለታል።

በአገራችንስ?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንድ ልብ የሚባል አንቀጽ አለው። ይኸውም ከ2,000 የማይበልጥ ሕዝብ ባለበት የገጠር ቀበሌ፣ ቤተሰቡ የሚጠብቀውና ከዚህም የተነሣ እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ የተደረገ ሰው እብደቱ በግልጽ የታወቀ ሆኖ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። አንቀጹ የወጣው ስለ ሕጋዊ ችሎታ ለመወሰን ቢሆንም፣ በአገራችን በሽተኛውን የሚይዘው በቅድሚያ ቤተሰብ መሆኑን ሕግ አውጪው እንደተረዳ ያሳያል።

ዛሬም ብዙ በሽተኞች ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጡት በወንድም፣ በአባት ወይም በጎረቤት ተይዘው፣ አንዳንዴም በገመድ ታስረው ነው። ከዚያ በፊት ጸበል ወይም ሌላ ባህላዊ ሕክምና ተሞክሮ ሊሆን ይችላል። ይህን ቤተሰብ በጭካኔ መክሰስ ቀላል ቢሆንም ፍትሐዊ አይደለም። አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። የሳይካትሪ ስፔሻሊስቶች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሠልጠን የጀመሩትም እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ሕክምናው በቀናት ጉዞ በሚገኝበት ቦታ ገመዱ ብዙ ጊዜ የጭንቀት መፍትሔ ነው።

ነገር ግን የቤተሰብ ፈቃድ የበሽተኛው ፈቃድ አይደለም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 17 ማንም ሰው በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጭ ነፃነቱን እንደማያጣ ይደነግጋል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ጉዳት ብቻውን ነፃነትን ለማሳጣት ምክንያት ሊሆን እንደማይችል ያስገነዝባል። ስለዚህ በሽተኛው ለምን እንደተያዘ ሊነገረው፣ ምክንያቱ በጽሑፍ ሊሰፍርና ውሳኔው በየጊዜው ሊመረመር ይገባል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ያለፈቃድ መተኛት ሊቀንስ የሚችል ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የጥናቶች ማጠቃለያ፣ በሽተኛው ደኅና በሆነበት ጊዜ «ሕመሙ ሲነሣብኝ እንዲህ አድርጉልኝ፤ ይህን መድኃኒት ስጡኝ፤ እገሌን ጥሩልኝ» ብሎ አስቀድሞ በጽሑፍ የሚያኖረው ቃል በግድ የመተኛትን አጋጣሚ በ23 ከመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ወረቀትና ከሐኪሙ ጋር ተቀምጦ መነጋገርን ብቻ ይፈልጋል።

ቤተሰብም ትልቅ ድርሻ አለው። የእንቅልፍ ማጣትና ከሰው መሸሽ ሲታይ ሳይውል ሳያድር ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ይዞ መምጣት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሽተኛውን አለማታለል ይጠቅማል። «ዘመድ ልንጠይቅ ነው» ተብሎ ሆስፒታል የገባ ሰው፣ ሲሻለው የሚያስታውሰው ያንን ውሸት ነው።

ለማጠቃለል ያህል፣ በድንገተኛ ክፍል «አልታከምም» የሚለው ቃል ሲሰማ ውሳኔው የሐኪሙ ብቻ ይመስላል። እንዳየነው ግን የውሳኔው ግማሽ ያህሉ የተሠራው ቀደም ብሎ፣ በቤትና በጎረቤት፣ በመንገዱ ርቀትና በአገልግሎቱ እጥረት ነው። አንዳንድ ጊዜ ያለፈቃድ ማስተኛት ሕይወት ያድናል፤ ስለዚህ ጨርሶ ይቅር አንልም። ሆኖም ሕክምናው ለበሽተኛው ቀርቦና ቀድሞ በተገኘ ቁጥር፣ በግድ የሚያዘው ሰው ቁጥር ያነሰ ይሆናል።