“ዶክተር፣ የኔ ልጅ ተሰጥኦው ምኑ ላይ ነው?”

ዛሬ ስለ ኦቲዝም ነው የማወራችሁ። ነገሩ የተነሳው ግን ከፊልም ነው።

ባለፈው ለሥራ ጎረቤላ ሄጄ ነበር። ለማታውቋት፣ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ የአንኮበር ወረዳ ከተማ ናት፤ ብርዱም ገደሉም የሚያስፈራ። አንዲት እናት የ7 ዓመት ልጇን ይዛ ገባች። ልጁ ወገቡ ላይ ነጠላ ታስሯል፣ ሌላው ጫፍ እሷ እጅ ላይ ተጠምጥሟል። አፉን አልፈታም፣ ስሙ ሲጠራ አይዞርም። ስለ መድኃኒት ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ ምን አለችኝ መሰላችሁ?

“ትልቋ ልጄ በስልኳ ፊልም አሳየችኝ። ልክ እንደሱ ያለ ልጅ የመንግሥት ምስጢር ሲፈታ አየሁ። ዶክተር፣ የኔ ልጅ ተሰጥኦው ምኑ ላይ ነው? ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት እኮ።”

ፊልሙን አውቀዋለሁ። “ሜርኩሪ ራይዚንግ” ይባላል፣ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ሳይመን የሚባል ኦቲዝም ያለበት የ9 ዓመት ልጅ የእንቆቅልሽ መጽሔት ላይ የተደበቀ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ኮድ በዓይኑ አይቶ ይፈታል። በዚህ ምክንያት ወላጆቹ ይገደላሉ፣ ገዳዮቹ እሱንም ያሳድዱታል፤ ብሩስ ዊሊስ የሚጫወተው የኤፍ.ቢ.አይ. ሠራተኛ ደግሞ ይጠብቀዋል። ዓይን ለዓይን አለመተያየቱን፣ ግርግር ሲበዛበት መጮኹን ጥሩ አድርገው አሳይተዋል። ችግሩ ኮዱ ላይ ነው።

ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ሁሉ ሊቅ አይደሉም። በቁጥር፣ በሙዚቃ ወይም በማስታወስ የተለየ ችሎታ ያላቸው አሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከ10 ሰው 1 ገደማ ነው። ከእነሱም አብዛኞቹ የመኪና ታርጋ በቃላቸው እንደያዙ ዓይነት ናቸው እንጂ ኮድ ሰባሪ አይደሉም። “ሬይን ማን” የሚለውን ፊልም ለጻፈው ሰው መነሻ የሆነው ኪም ፒክ እንኳ በኋላ ሲታይ ያለበት ኦቲዝም ሳይሆን ሌላ የአንጎል አፈጣጠር ችግር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከ127 ሰው 1 ኦቲዝም አለበት። ፊልም ሠሪ የሚመርጠው ግን ከእነሱ ውስጥ ጥቂቶቹን ብቻ ነው። ለእናትየዋ የነገርኳትም ይህንኑ ነው፦ ተሰጥኦ ስላልተገኘበት የጎደለ ነገር የለም፣ አንቺም ሳታይ ያለፍሽው ነገር የለም።

ቀጥሎ ስለ ነጠላው ጠየቅኳት። “ከፈታሁት ይሮጣል፤ ገደሉን አያየውም” አለችኝ። ሁለት ጊዜ ከአፋፍ ላይ መልሰውላታል።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ልጅ ታሰረ ሲባል ስንሰማ ፌስቡክ ላይ ለመሳደብ እንቸኩላለን። በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ4 ዓመት በላይ ከሆኑ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ጠፍተው ለመሄድ ሞክረዋል። አደጋው ውኃና መኪና ነው፣ እዚያ ደግሞ ገደል። ማሰር መፍትሔ አይደለም፣ ቆዳ ያቆስላል፣ ልጁን የባሰ ያስቆጣል። ግን እሷ ኤጀንት የላትም፤ ያላት ነጠላ ነው።

ስለዚህ ያወራነው ነጠላውን ቀስ በቀስ እንዴት እንደምትተካው ነው። መጀመሪያ ልጁ ወዴትና መቼ እንደሚሮጥ መከታተል። ስናስታውሰው ሁልጊዜ ወደ አስፋልቱ ነው፤ የሚኒባስ ጎማ ሲዞር ማየት ይወዳል። እንግዲያው በቀን አንድ ጊዜ እጁን ይዛ ራሷ ትወስደዋለች፣ ያየዋል፣ ይመለሳሉ። የበሩ መቀርቀሪያ እጁ የማይደርስበት ላይ ይሰቀላል። ጃኬቱ ውስጥ ስልክ ቁጥር ይሰፋል። ጎረቤትና ሹፌሮች መልኩን ይወቁት፤ ሲያገኙት እንዳይጮኹበት፣ እጁን ይዘው እንዲያደርሱት ይነገራቸው። ይሄ የመጨረሻው ለእሷ ከባድ ነበር፣ ምክንያቱም እስከዛሬ ልጁን ደብቃው ነው የኖረችው።

በነገራችን ላይ ዘሚ የኑስን ብዙዎቻችሁ ታስታውሷታላችሁ። ልጇ ጆጆ ኦቲዝም ስላለበት በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች፣ በየሚዲያው እየወጣች ልጆቻችሁን አትደብቁ ስትል ኖረች፣ በ2013 ዓ.ም. አረፈች። ወላጆች ያቋቋሙት ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም አለ። ሁለቱም ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ ከጎረቤላ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ። ይሄ ያናድደኛል፣ አልደብቃችሁም።

እናንተ ከተማ ያላችሁት ግን ሰበብ የላችሁም። ልጃችሁ በ1 ዓመቱ ስሙ ሲጠራ ካልዞረ፣ በ1 ዓመት ተኩል በጣቱ ጠቁሞ ካላሳያችሁ፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል ካላገጣጠመ፣ ወይም ይናገር የነበረውን ከተወ፣ “አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው” እያላችሁ አትጠብቁ። በቅድሚያ ጆሮው ይታይ፤ አንዳንዱ ኦቲዝም የተባለ ልጅ አልሰማ ብሎ ነው። ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ልጁን የሚለውጠው የንግግርና የባሕርይ ሥልጠና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤት ውስጥ በየቀኑ አብሮ መጫወት ነው። የሚጥል በሽታ አብሮት ካለ ግን መድኃኒት አለው። ጸበል የምትወስዱትም ውሰዱት፣ ክኒኑን ብቻ እንዳታቋርጡ።

“የኩፍኝ ክትባት ነው ያመጣበት” የምትሉኝም አላችሁ። ያ ወሬ የተነሳው ፊልሙ በወጣበት በዚያው በ1998 እ.ኤ.አ. ከታተመ ጽሑፍ ነው፤ መጽሔቱ ራሱ በ2010 ሰርዞታል። የ9 ወርና የ15 ወር ክትባት አይቅር።

እናትየዋ ባለፈው ሳምንት ደውላልኝ ነበር። መቀርቀሪያው ተሰቅሏል። የገበያ ቀን ነጠላው አሁንም አለ። አንድ የሚኒባስ ሹፌር ግን ልጁን በስሙ እየጠራ ጥሩምባ ይነፋለታል አለችኝ፤ እስካሁን አልዞረም፣ ጥሩምባውን ግን ቆሞ ይጠብቃል።

ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የልጃችሁን ፎቶና ቪዲዮ ግን እባካችሁ አደባባይ ላይ አትልቀቁ፣ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።