የአትክልት ጥብስ ከአዋዜ ጋር፤ ለልጆች ዓይን የሚጠቅም የቤት ምግብ



ቀን ከጓደኞቹ ጋር ሲቦርቅ የዋለ ልጅ፥ ጀምበር ስትጠልቅ ግድግዳ እየዳበሰ መሄድ ሲጀምር አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ይህ በሽታ በአገራችን ዳፍንት ይባላል። አንዳንዱ ቤተሰብ ልጁ ቀዥቃዣ ነው ብሎ ይቆጣዋል፤ ሌላውም የሰው ዓይን ነው ይላል። ልጁ ግን ጥፋት የለበትም፤ የሰው ዓይንም አላገኘውም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቪታሚን ኤ የሚባለው ንጥረ ነገር ከሰውነቱ ማነሱ ነው።

ይህ ንጥረ ነገር ሲያንስ ልጁ መጀመሪያ በምሽት ማየት ይሳነዋል። ቀጥሎም ዓይኑ ይደርቃል፤ ሳይታከም ከቆየ ቆስሎ ፈጽሞ እስከ መታወር ሊያደርሰው ይችላል። ከዚህም በላይ ኩፍኝ ወይም ተቅማጥ ሲይዘው በሽታውን የሚቋቋምበት ኃይል ይደክማል። እንግዲህ ነገሩ ቀላል አይደለም ማለት ነው።

ደስ የሚለው ግን መከላከያው ከጓሮ የሚገኝ መሆኑ ነው። ካሮት፥ ዱባና ውስጡ ብርቱካንማ የሆነው ስኳር ድንች ሰውነታችን ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠውን ነገር በብዛት ይዘዋል። ነጩ ስኳር ድንች ሆድ ቢሞላም ይህ ነገር በውስጡ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ በወላይታም ሆነ በሲዳማ፥ ወይም ስኳር ድንች በሚበቅልበት በሌላም ስፍራ ያላችሁ ብርቱካንማውን ዘር ብትተክሉ መልካም ነው። ይህን ዘር በአፍሪካ ገጠር እንዲስፋፋ የደከሙ ባለሙያዎች በ2009 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማት ተቀብለውበታል።

«እሺ፥ ካሮቱስ አለ፤ ልጁ ግን እምቢ አለኝ!» የምትሉ እናቶች ብዙ ናችሁ። እውነታችሁን ነው፤ ተቀቅሎ የላመውን ካሮት ብዙ ልጅ አይወደውም። በጣት ልክ ተቆርጦ የተጠበሰውን ግን በእጁ ይዞ፥ አዋዜ እያጠቀሰ ሲበላ ደስ ይለዋል። የከተማ ሰዎች ይህንን በብዙ ዘይት ውስጥ ይጠብሱታል። እንዲህ ማድረግ ዘይት ያስጨርሳል፤ የፈላው ዘይትም ቢገለበጥ ልጅ ያቃጥላል። ድፎ ዳቦ የምትጋግሩበት ምጣድ ግን በጥቂት ዘይት ብቻ ሥራውን ይሠራል። እንጀራ ጋግራችሁ ስትጨርሱ ምጣዱ እንደጋለ ነውና፥ ያንኑ ሙቀት ብትጠቀሙበት እንጨትም ይተርፋል፤ ጭስም ይቀንሳል።

ለ6 ሰው የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ መካከለኛ ብርቱካንማ ስኳር ድንች 3፥ ካሮት 4፥ ተራ ድንች 4፥ የኑግ ወይም ሌላ የምግብ ዘይት 3 የሾርባ ማንኪያ፥ አዮዲን ያለው ጨው ጥቂት። ስኳር ድንች ካልተገኘ ዱባ ወፈር አድርጎ ቆርጦ መተካት ይቻላል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሳሙና ከሌለ አመድ ይሆናል። ቢላዋውንና መክተፊያውንም እጠቡ፤ ጥሬ ሥጋ የተቆረጠበት ከሆነ በሳሙና በደንብ ሳይታጠብ አትክልት አይቆረጥበትም።

2ኛ፤ አትክልቱን በንጹሕ ውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ አፈሩ እስኪለቅ እጠቡት፥ ከዚያ ላጡት። የወስፋት እንቁላል በዓይን አይታይም፤ የሰው ዓይነ ምድር ከነካው አፈር ጋር ግን ከአትክልቱ ላይ ይጣበቃል። ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ መልክ የያዘ ድንች ካለ ጣሉት፤ በውስጡ ያለው መርዝ በመጥበስ አይጠፋም።

3ኛ፤ ሁሉንም በትንሽ ጣት ውፍረት እኩል አድርጋችሁ ቁረጡ። አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ከሆነ፥ ቀጭኑ ሲያር ወፍራሙ ጥሬ ይቀራል። ተራውን ድንች ብቻ 20 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ውኃ ዘፍዝፋችሁ አውጡና በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። እርጥብ ከሆነ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

4ኛ፤ ዘይቱን አፍስሳችሁ በእጅ እሹት። «ዘይት ለምን? ያለ ዘይትም ይበስላል» የምትል እናት ብትኖር፥ ቪታሚን ኤ ያለ ቅባት በሰውነት ውስጥ በደንብ አይሰርጽምና ዘይቱን አትተዪው እንላለን።

5ኛ፤ ምጣዱ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ሳይደራረብ ደርድሩት፥ በአክምባሎም ክደኑት። ከሥር እሳቱ ነበልባል ሳይሆን ፍም ይሁን። 15 ደቂቃ ያህል ሲቆይ ገልብጡት፤ ዳግመኛ ክደኑና ሌላ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ንጹሕ ስንጥር ሲወጉት በቀላሉ ከገባ በስሏል። የፉርኖ ምድጃ ያለው ቤተሰብ በ200 ዲግሪ ሙቀት ይህንኑ ያህል ጊዜ ያቆየዋል።

6ኛ፤ መልኩ ወርቅማ ሲሆን አውጡት፤ አይጥቆር። ድንች በብርቱ እሳት ሲያር ለጤና የማይበጅ ነገር እንደሚፈጠርበት በ1994 ዓ.ም. በስዊድን አገር ታውቋል። ጨዉን ከወጣ በኋላ ነስንሱበት።

አሁን ወደ አዋዜው እንምጣ። 3 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፥ 2 ፍንካች የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፥ ጥቂት ዝንጅብልና ጨው፥ 1 ማንኪያ ዘይት አድርጉና፥ ፈልቶ በበረደ ውኃ ግማሽ ሲኒ በጥብጡት። ሎሚ ካለ ይጨመቅበት። ዳጣ የለመደ ቤተሰብም በዳጣ ይብላ። በርበሬው ሻጋታ ካለበት ግን «ታጥቦ ቢሰጣ ይድናል» አትበሉ፤ ሻጋታ የሚተወው መርዝ በፀሐይም በእሳትም አይለቅም። ጥሬ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ያለበትን አዋዜ ለቀኑ የሚበቃውን ብቻ መሥራት ይሻላል፤ ቀናት ሲያድር አደገኛ ተሐዋስያን ያፈራልና።

ለትንንሽ ልጆች አዋዜ አትስጡ፤ ፈልቶ ከበረደ ወተት የረጋ እርጎ ይበቃቸዋል። ትልቁ ልጅ በርበሬ ካቃጠለው ውኃ ብዙም አይረዳውም፤ የፈላ ወተት ወይም እርጎ ይቅመስ።

አበላሉም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁሉም ከአንድ ጣባ ሲያጠቅስ፥ አንዱ ነክሶ መልሶ ሲነክር፥ ያልታጠበ እጅም ሲገባበት፥ የአንዱ ተቅማጥ ለሁሉም ይተርፋል። ስለዚህ ሁሉም እጁን ይታጠብ፤ ማጥቀሻውም ለእያንዳንዱ ልጅ በየሲኒው ይሰጠው። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ከእናቱ ጡት በቀር ምንም አያስፈልገውም። ከ6 ወር በላይ ለሆነው ብርቱካንማው ስኳር ድንች በደንብ በስሎ፥ በንጹሕ ማንኪያ ተፈጭቶ ይሰጠው። ትንሽ ልጅ ጠንካራ ካሮት እየሮጠ ከበላ ሊያንቀው ይችላል፤ ካሮቱ በደንብ ይብሰልለት፥ ተቀምጦም ይብላ።

አንድ ነገር እንጨምር። ልጃችሁ በምሽት ማየት ከተሳነው በጥብሱ ብቻ ይድናል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ መድኃኒቱ እዚያ አለ። ደህና የሆነውንም ልጅ፥ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለውን፥ በየ6 ወሩ የሚሰጠውን ቪታሚን ኤ እንዳያመልጠው ተከታተሉ።

እናቶቻችን፥ እኛ ጤና መኮንኖች ልጆቻችሁ ነን፤ ባልትናን ከእናንተ ተማርን እንጂ ልናስተምራችሁ አልመጣንም። በዚህ ሳምንት እንጀራ ስትጋግሩ ምጣዱ ሳይበርድ 4 ካሮት ደርድሩበት፤ ልጁም በልቶ ይይልን።