የዳባሁ ስምጥ፦ ምድር የተከፈለችባቸው ሳምንታት

በአፋር ክልል የሚገኘው የዳባሁ ማንዳ ሐራሮ ስምጥ፣ ዝናው የኤርታሌን ያህል ባይሰማም፣ የምድር ውስጣዊ ኃይል በመሣሪያ ታግዞ እጅግ በግልጽ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በዚህ ስፍራ የኑቢያና የአረቢያ ፕሌቶች፣ ማለትም የምድርን ውጫዊ ክፍል የሚሠሩት ግዙፍ የአለት ገበታዎች፣ በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ ይሁንና የላይኛው አለት ለመቶዎች ዓመታት ሳይላቀቅ እየተወጠረ ስለሚቆይ፣ መራራቁ የሚገለጠው ከሥር ያለው ማግማ፣ ማለትም ቅልጥ አለት፣ ግፊቱ በርትቶ ሰብሮ ሲገባ ነው።

በመስከረም 1998 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነበር። ከወሩ የመጀመሪያ ቀናት አንሥቶ አካባቢው በተከታታይ ተንቀጠቀጠ፤ በመስከረም 16 ቀን፣ በደመራ ዕለት፣ ዳኡሬ በተባለ ቦታ 500 ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ ተከፍቶ አመድ ተፋ፤ አርብቶ አደሮቹም ከብቶቻቸውን ይዘው የለመዱትን ግጦሽ ጥለው ሸሹ።

ሆኖም ዓይን ያየው የክስተቱ ትንሹ ክፍል ነበር። አንድን ቦታ በተለያየ ጊዜ እየቃኘ የመሬትን መነሣትና መስመጥ የሚለካው የሳተላይት ራዳር ከፍንዳታው በፊትና በኋላ ያነሣቸው ምስሎች ሲነጻጸሩ፣ ምድሪቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ይዛ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር መከፈቷ ታወቀ። ክፍተቱን የሞላው 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ገደማ ማግማ ሲሆን፣ አብዛኛው ወደ ላይ ሳይወጣ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ከመሬት በታች ቀረ፤ የሥነ ምድር ሊቃውንት ይህን ዳይክ ይሉታል። 8 ሜትር ማለት የ400 ዓመት ያህል መራራቅ ነውና፣ ያ ሁሉ ውጥረት በሳምንታት ውስጥ መለቀቁ እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ በአይስላንድ ክራፍላ የተመዘገበው ተመሳሳይ ክስተት እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1984 ድረስ ዘጠኝ ዓመታት ያህል ፈጅቷል።

ከመጀመሪያው ዳይክ በኋላም ውጥረቱ ሙሉ በሙሉ ስላልተለቀቀ፣ እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ ከአሥር በላይ ያነሱ ዳይኮች በዚያው ስምጥ ውስጥ ገብተዋል፤ በነሐሴ 1999 እና በሰኔ 2001 ዓ.ም. ደግሞ ማግማው ገጸ ምድር ደርሶ ጥቁር ላቫ ፈስሷል።