ሜጋፒክሰል ወይስ ብርሃን? የባለሙያ ዲጂታል ካሜራ አመራረጥ በፊዚክስ ዓይን

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው ነባር መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋችው ዱከም ለፎቶግራፍ ባለሙያ ሥራ የማታጣ ከተማ ናት። በሠርግ ወራት ሙሽሮችን የያዙ መኪኖች ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ይጓዛሉ፤ በምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን የተተከሉ ፋብሪካዎች የምርታቸውን ምስል ይፈልጋሉ፤ ትምህርት ቤቶችም የምረቃና የስፖርት ቀን አላቸው። በዚህች ከተማ ፎቶ ቤት ለመክፈት ያሰበ አንድ ወጣት እንዳለ እናስብ። በእጁ ያለው ገንዘብ ከቤተሰብና ከብድር የተሰባሰበ ነው፤ የሚበቃውም ለአንድ ካሜራ ነው። ወደ መደብር ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገረው የሜጋፒክሰሉ ብዛት ነው። በዚህ ቁጥር ብቻ ተመርቶ ቢገዛ፣ ስህተቱን የሚያውቀው ገንዘቡ ካለቀና ሠርጉ ካለፈ በኋላ ሊሆን ይችላል። ሠርግ ደግሞ ተመልሶ አይደገስም።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፋችን የምንመለከተው የትኛው የንግድ ምልክት እንደሚሻል አይደለም። ካሜራ ብርሃን የሚሰበስብና ጊዜን የሚቆርጥ መሣሪያ ነውና፣ ሁለት ጥያቄዎችን እናነሣለን። ምን ያህል ብርሃን? በምን ያህል ጊዜ?

ሜጋፒክሰል ምን ይነግረናል?

እ.ኤ.አ. በ1975 የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ አንድን ምስል በ10,000 ነጥቦች ብቻ ይከፍል ነበር። ምስሉን በካሴት ላይ ለመቅዳትም 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። አንድ ሜጋፒክሰል አንድ ሚሊዮን ነጥብ ስለሆነ፣ የሳሰን ካሜራ 0.01 ሜጋፒክሰል ብቻ ነበረው ማለት ነው።

የነጥቦች ብዛት በዋነኛነት የሚነግረን ምስሉ ምን ያህል ተልቆ ሊታተም እንደሚችል ነው። ለምሳሌ 30 በ45 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሠርግ አልበም ገጽ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ እንዲታተም ብንፈልግ፣ 3,543 በ5,315 ነጥቦች ያስፈልጉናል። ይህም 19 ሜጋፒክሰል ያህል ነው። በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ምስል ከርቀት ስለሚታይ በየኢንቹ ያነሱ ነጥቦች ይበቁታል። እንግዲያው 24 ሜጋፒክሰል ያለው ካሜራ ለአብዛኛው የፎቶ ቤት ሥራ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ላለው ቁጥር የሚከፈለው ገንዘብ ከሌላ ነገር ላይ የሚቀነስ ነው።

የምስልን ጥራት የሚወስነው ዋነኛው ነገር እያንዳንዱ ነጥብ የሚቀበለው የብርሃን መጠን ነው። ብርሃን እንደ ዝናብ ጠብታ በፎቶን ቅንጣቶች ይመጣል፤ የቅንጣቶቹም አመጣጥ ወጥ አይደለም። በስታቲስቲክስ ሕግ መሠረት የመዋዠቁ መጠን የቁጥራቸው ካሬ ሥር ነው። 10,000 ፎቶኖች የተቀበለ ነጥብ በ100 ያህል ይዋዥቃል፤ ይህም 1 በመቶ ነው። 100 ፎቶኖች ብቻ የደረሱት ነጥብ ግን በ10 ይዋዥቃል፤ ይህ ደግሞ 10 በመቶ ነው። በጨለማ የተነሣ ፎቶ አሸዋ የተነሰነሰበት የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰፊ ጣሳ ብዙ ዝናብ እንደሚይዝ ሁሉ ሰፊ ሴንሰርም ብዙ ብርሃን ይይዛል። 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነው ሙሉ መጠን ሴንሰር 864 ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። በአነስተኛ ዋጋ ካሜራዎች ላይ የሚገኘው 23.6 በ15.6 ሚሊ ሜትር ሴንሰር ግን 368 ካሬ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

በስቱዲዮ ውስጥ

በስቱዲዮ ብርሃኑን የሚያዘው ባለሙያው ራሱ ነው፤ ተነሺውም ረጋ ብሎ ይቀመጣል። የፍላሹ ብልጭታ እጅግ አጭር ስለሆነ እንቅስቃሴን የሚያስቀረው መዝጊያው ሳይሆን ፍላሹ ነው። ብዙ ካሜራዎች ከፍላሽ ጋር በሚገባ የሚሠሩት እስከ 1/200 ወይም 1/250 ሴኮንድ በሚደርስ የመዝጊያ ፍጥነት ነው። ስለሆነም በሴኮንድ 20 ፎቶ የሚያነሣ ካሜራ ለስቱዲዮ ትርፍ ወጪ ነው።

የስቱዲዮ ፈተና ሌላ ነው። ነጭ ቬሎ የለበሰች ሙሽራ፣ ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሙሽራ፣ ጠይም ፊታቸውም በአንድ ምስል ውስጥ አሉ። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ግን የሚያየው ሁሉ በአማካይ ግራጫ እንደሆነ አድርጎ ይገምታል። ምስሉን ነጭ ልብስ ሲሞላው ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ልብሱ ግራጫ ይሆናል፣ ፊትም ይጨልማል።

ይህ ችግር ከታሪክም ጋር የተያያዘ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኮዳክ ለፎቶ አጣቢዎች ያድል የነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ የነጭ ሴት ምስል የያዘ ሲሆን፣ ‹‹ሸርሊ ካርድ›› ይባል ነበር። የጠቆረ ቆዳ የመለኪያው አካል ስላልነበረ በፎቶ ላይ ዝርዝሩ ይጠፋ ነበር። ዛሬ መድኃኒቱ በባለሙያው እጅ ነው። እያንዳንዱን ነጥብ በ14 ቢት የሚመዘግብ ካሜራ 16,384 የብርሃን ደረጃዎችን ሲለይ፣ የተለመደው ጄፔግ ፋይል ግን ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃዎች ብቻ አሉት። ስለዚህ ለስቱዲዮ የሚመረጠው ጥሬ ፋይል የሚያስቀምጥና ከጥቁር እስከ ነጭ ሰፊ ክልል የሚይዝ ካሜራ ነው። ቀሪው ገንዘብ ለሁለት ጥሩ መብራቶች ቢውል ከተጨማሪ ሜጋፒክሰል ይልቅ ይጠቅማል።

በሩጫ ሜዳ

እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ የአርሲው ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሴኮንድ፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ሴኮንድ ገቡ። ልዩነቱ 0.09 ሴኮንድ ነው፤ በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ መካከል ከነበረው ልዩነት እንኳ ያንሳል።

አንድ ሯጭ በመጨረሻው ፍትጊያ በሴኮንድ 8 ሜትር ያህል ይሮጣል እንበል። መዝጊያው ለ1/60 ሴኮንድ ቢከፈት ሯጩ 13 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል፤ ፊቱም ይደበዝዛል። በ1/1000 ሴኮንድ ግን የሚጓዘው 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በሴኮንድ 8 ፎቶ የሚያነሣ ካሜራ በሁለት ፎቶዎች መካከል 0.125 ሴኮንድ ያልፈዋል። ኃይሌና ቴርጋትን የለየችው ቅጽበት በዚያ ክፍተት ውስጥ ልታመልጥ ትችል ነበር ማለት ነው።

ፍጥነት ደግሞ ዋጋ አለው። ከ1/125 ወደ 1/1000 ሴኮንድ ስንሄድ ብርሃኑ በ8 እጥፍ ይቀንሳል። ሜዳ ላይ ብርሃን መጨመር ስለማይቻል ሰፊ ሌንስ ያስፈልጋል፤ ኤፍ 2.8 የሚከፈት ሌንስ ኤፍ 5.6 ከሚከፈተው 4 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ወደ እኛ የሚሮጥን ሰው ሳይለቅ የሚከተል ፈጣን አውቶፎከስም የግድ ነው።

ሁለቱ መንገዶች

የሁለቱ ሥራዎች ፍላጎት ምን ያህል እንደሚራራቅ የካኖን ኩባንያ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ኢኦኤስ 1ዲ 4 ሜጋፒክሰል ብቻ ሲኖረው በሴኮንድ 8 ፎቶ ያነሣ ነበር። በ2002 የወጣው 1ዲኤስ 11 ሜጋፒክሰል ሲኖረው በሴኮንድ የሚያነሣው 3 ፎቶ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ለሜዳ፣ ሁለተኛው ለስቱዲዮ የተሠራ ነበር። ሁለቱ መስመሮች በአንድ ካሜራ የተጠቃለሉት እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ በቀረበው 1ዲ ኤክስ ነው። ዛሬ መስታወት አልባ ካሜራዎች ብዙ ነጥብንና ፍጥነትን አጣምረው ይይዛሉ፤ ሁሉን በአንድ የያዘው ግን ዋጋው ከባድ ነው።

ስለሆነም ወጣታችን አስቀድሞ መወሰን ያለበት የዕለት እንጀራው ከየትኛው ሥራ እንደሚመጣ ነው። ገበያው ፎቶ ቤትና ምርት ማንሣት ከሆነ መካከለኛ ካሜራ፣ አንድ ጥርት ያለ ሌንስና መብራት ይግዛ። ስፖርት ከሆነ ፈጣን ካሜራና ሰፊ ሌንስ ያስቀድም። በስምጥ ሸለቆ ነፋስና አቧራ ስለሚበረታ፣ ለሜዳ የሚውለው ካሜራ አቧራ እንዳይገባው የታሸገ ቢሆን፣ ሌንስም በነፋስ መካከል ባይቀየር ይመረጣል።

ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ግን ሁለት ፈተናዎችን ያድርግ። በመጀመሪያ ነጭ ነጠላ የለበሰ ጠይም ጓደኛውን በጥላ ሥር ያንሣ፤ የነጠላው ጥለትና የፊቱ ዝርዝር አብረው ይታዩ እንደሆነ አጉልቶ ይመልከት። ቀጥሎም ከመደብሩ በር ላይ ቆሞ የሚያልፍ ባጃጅ ያንሣ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ በሴኮንድ 8.3 ሜትር ይጓዛል፤ ይህም ከላይ ለሯጩ የገመትነው ፍጥነት ነው ማለት ይቻላል። የሾፌሩ ፊት ጥርት ብሎ ከወጣ ካሜራው ለሜዳ ይሆናል። እነዚህ ሁለት ፎቶዎች በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ይልቅ የታመኑ ምስክሮች ናቸው።